የላላው ብሎን

ፍቅር ዕውር ነው የሚሉ ሰዎች ይዋሻሉ። ዕውር ቢሆን ኖሮ በአንድ መኪና ኮፈን ሥር ካሉት ብሎኖች ሁሉ አንዱን፣ እሱኑ ብቻ፣ ለይቶ ባላገኘ ነበር። ፍቅር አጥርቶ ያያል። ዓይኑን የሚጨፍነው ኋላ ነው፤ ያደረገው ነገር በሌላ ሰው ራስ ላይ ሲወርድ። ያን ጊዜ «እኔ ምን አውቃለሁ?» ይላል። እኛም እናምነዋለን፤ ይባስ ብለን እናዝንለታለን።

የዳኛው ልጅ ያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ ስትቆም መሬት መሬት ታይ ነበር። የፈሰሰውን ዘይት እንዲመጥ አሸዋ ተነስንሶበታል፤ የአባቷ ከዘራ አሸዋውን እየወጋ እዚህም እዚያም ቀዳዳ ትቶበታል።

«ሊገድለን ነበር!» አሉ ዳኛው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። «ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ እልም አለ። መሪው እንደ ድንጋይ ደረቀ። ከኋላችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና! ሹፌሩ ነቃ ባይል ኖሮ ይኸኔ እኔና ልጄ በአካፋ ነበር የምንነሳው። መኪናው ከየት ወጣ? ከዚሁ ጋራዥ። ከማን እጅ? ከዚህ ሰውዬ እጅ!»

«ክቡርነትዎ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ። ወንበር አምጡላቸው» አሉ የጋራዡ ባለቤት። ሰው ከሰው ሲፋጭ መሃል ገብተው ስለሚያላቅቁ ሠራተኞቹ ጋሽ ክላች ይሏቸዋል። ወንበሩ መጣ። ዳኛው አልተቀመጡም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቀምጠው የፈረዱት ሰው ያን ቀን ቆመው ሊፈርዱ ቆርጠዋል።

ኮፈኑ ሥር ያጎነበሰው ሰው ቀና አላለም። የጋራዡ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እሱ ነው። ፊውዝ ይሉታል፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። አንድ ደንበኛ «ቶሎ በል እንጂ» ካለው መፍቻውን አስቀምጦ ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል፤ ደንበኛው ይቅርታ እስኪልም ሁለተኛውን ሻይ ያዛል። እንዲህ ያለው ሰው ዛሬ «ገዳይ» ተብሎ ዝም ብሏል። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን ሆነ ይሄ ልጅ?

ፊውዝ ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ የመመርመሪያውን ማሽን ሰካ። ማሽኑ የመኪናውን ክፍሎች አንድ በአንድ ጠራ። የፍሬኑ መለሰ። የማርሹ መለሰ። የሞተሩ ኮምፒውተር ግን ቢጠራ፣ ቢጠራ ዝም። ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል አይባልምና ፊውዝ ለመኮነን አልቸኮለም፤ ፊውዞቹን አየ፤ በቴስተር ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባውን ኃይል ለካ። ኃይሉ ይደርሳል። እንግዲህ የቀረው ኃይሉ የሚመለስበት ሽቦ ነው። እጁን ከባትሪው ሥር ሰደደ። ብሎኑን ነካው።

ብሎኑ ያለ መፍቻ፣ በጣቱ ዞረ።

እጁ እዚያው ቀረ። የዳኛው ልጅ ከአሸዋው ላይ ዓይኗን ያነሳችው ያን ጊዜ ነበር። ያየችው ፊቱን አልነበረም፤ ጀርባውን ነበር። ጀርባ እንዲህ ሲሰበር አይታ አታውቅም።

ፊውዝ ኮምፒውተሩን ፈትቶ አወጣው። መጽሐፍ የሚያህል የብረት ሳጥን ነው። ክዳኑን ሲከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ፤ አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ መስመር ከስሏል።

«ተቃጥሏል» አለ። «ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ብሎኑ ላልቷል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚስበው ኃይል መመለሻ ሲያጣ በዚህ ቀጭን መስመር ሮጠና አቃጠለው።» ሰሌዳውን አስቀመጠው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ «ብሎኑን የመጨረሻ የያዝኩት እኔ ነኝ። ያላጠበቅኩትም እኔ ነኝ» አለ።

«ይኸው! አመነ!» አሉ ዳኛው።

የተከሳሽ የእምነት ቃል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ሰው ያላደረገውን አደረግኩ ሊል እንደሚችል፣ ዳኛው በሥራ ዘመናቸው ደጋግመው ጽፈዋል። ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁታል። ነገር ግን ሕግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ዘይት የነካው እጅ ፊት ሲቆም ያንኑ ሕግ ማስታወስ ሌላ ነው። ኮት ለለበሰ ማስረጃ ይቆጠርለታል። ቱታ የለበሰ «አዎ» ካለ በቃ፤ ምን ቀረ?

«ይህ ሰው ከዛሬ በኋላ የሰው መኪና አይነካም» አሉ ዳኛው ለጋሽ ክላች። «አለዚያ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

«ክቡርነትዎ፣ እጁ እኮ በዚህ ከተማ—»

«ይተዉዋቸው፣ ጋሽዬ» አለ ፊውዝ። «ልክ ናቸው። ያበላሸሁትን አስነስቼ እወጣለሁ። ከጋራዡ ብቻ አይደለም፤ ከሙያው። ሰው የሚገድል እጅ ይዤ ምን እሠራለሁ?»

ይህን ሲል ልጅቷን አየ። ይቅርታ የሚለምን አስተያየት ነበር። አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች። አባቷ ከዘራቸውን ነቅለው «እንሂድ» አሉ። አፏን ከነቃሉ ዘጋችው።

ከሁሉም የከበዳት አለመቆጣቱ ነበር። ቢቆጣ ኖሮ እሷም መቆጣት ትችል ነበር።

*

መኪናው የእናቷ ነበር። ዳኛው መንዳት አያውቁም። ሚስታቸው ስትነዳ እሳቸው ከጎኗ ተቀምጠው ሌላውን አሽከርካሪ ሁሉ ሲከሱ ነው የኖሩት። እናትየው ስታርፍ የሹፌሩ ወንበር ለልጅቷ ቀረ። ዳኛው ዛሬም ወንበሩ ወደ ኋላ እንዲገፋ አይፈቅዱም፤ ረጅሟ ልጅ ጉልበቷን ከመሪው ጋር እያጋጨች የእናቷን ልክ ለብሳ ትነዳለች።

ቤታቸው ሰፊ ነው፤ ሁለት ሰው ሲኖርበት ደግሞ ይብሳል። ልጅቷ ቀን በፋርማሲዋ መስኮት በኩል መድኃኒት ታቀብላለች፤ «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ» ትላለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ከአባቷ ጋር የምትነጋገረው ከዚያ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ቤት ማንም ሰው ናፈቀኝ አይልም። ናፈቀኝ ካልሽ ማን? ከመቼ ጀምሮ? ምን አጥቶ? ተብለሽ ትመረመሪያለሽ። ስለዚህ ሁሉም ናፍቆቱን ይዞ በየክፍሉ ይተኛል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት፣ አንድ ቀን መኪናው መንገድ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረና ጋሽ ክላች ጋራዥ ወሰደችው። ፊውዝ እንደሌሎቹ «ነገ ተመለሽ» አላላትም። መብራት አስያዛት።

«ቀና አድርጊው። ፊቴ ላይ አይደለም፣ ሽቦው ላይ!»

«ፊትህም አጠገቡ ነው ያለው።»

«ፊቴ ደህና ነው፤ አልተበላሸም።»

«እሱን ባለሙያ ይወስነው» አለችው። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ጆሮው ግን ቀላ። የመመለሻው ሽቦ ዝጎ ነበር። በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገ አስረዳት፤ ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ አይበቃውም፣ መመለሻም ይፈልጋል፤ መመለሻ ያጣ ኮምፒውተር ያብዳል፤ ያልበራውን በራ፣ የቆመውን ሄደ ይላል። ብሎኑን ሲያጠብቅ እጇን ይዞ ጫፉ ላይ አስቀመጠው። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ። የመኪናው ነፍስ በዚህ ነው የታሰረችው።»

እጇን መልሶ ለቀቀው። ቀርፋፋ አለቃቀቅ ነበር።

መኪናው ዳነ። ችግሩም ይኸው ነበር፤ የዳነ መኪና ጋራዥ አይሄድም። የዳኛ ልጅ ደግሞ እንዲሁ ጋራዥ በር ላይ አትቆምም፤ ምን ብላ? አንድ ቀን ከሥራ ወጥታ ከመኪናው ኋላ የእናቷን መፍቻ አነሳች፤ እጇን ከባትሪው ሥር ሰደደች፤ ብሎኑን ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ፣ አላላችው።

«ሰላም ዋላችሁ። እንደገና ይንቀጠቀጣል።»

ፊውዝ መጀመሪያ በራሱ ሳቀ። «ሳላጠብቀው ቀርቼ? አርጅቻለሁ ማለት ነው!» ብሎ አጠበቀው። በሁለተኛው አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ስትመጣ ብሎኑን አጥብቆ ሄዶ፣ ተመልሶ መጥቶ ይነካው ጀመር። እሷ ያየችው መመለሱን ነበር፤ እኔን ለማየት ነው ብላ ደስ አላት። ይህን ነው እንግዲህ አጥርቶ ያያል ያልኩት ፍቅር፤ የሰውየውን ሽፋሽፍት ቆጥሮ ሲያበቃ፣ ሰውየው ከውስጥ ሲፈርስ አያይም!

ሽቦ ግን ለናፍቆት አይራራም። የመጨረሻ ጊዜ ያላላችው ዕለት አባቷ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንድታደርሳቸው ጠሯት። ጋራዥ ከመድረሷ በፊት ቁልቁለቱ መጣ።

*

ጋሽ ክላች ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለወትሮው ቅባት የሚገዙት ከሰፈራቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን ከተማውን አቋርጠው ፋርማሲዋ መስኮት ላይ ቆሙ።

«ይህን ጠዋትና ማታ ይቀቡታል» አለቻቸው ሳታያቸው።

«እቀባዋለሁ፣ ልጄ። ለጉልበት መድኃኒት አለው። ለዚያ ልጅ ግን ምን ልግዛለት?»

እጇ ከቅባቱ ላይ አልተነሳም። «ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል? ዕቃውን እያከፋፈለ ነው። ቴስተሩን ለአንዱ፣ መበየጃውን ለአንዱ። አባትሽ እንኳ ቢምሩት ራሱን አልማረም። ትናንት ለአንድ ታክሲ የፍሬን አምፖል ቀየረ። አምፖል እኮ ነው፤ የኔ ሚስት ዓይኗን ጨፍና ትቀይራለች። ታክሲው ከሄደ በኋላ መንገድ ለመንገድ ሮጦ አስቆመውና እንደገና አየው። ሹፌሩ ያበደ መስሎት መስኮቱን ዘጋበት።»

«ምን ይላል?»

«እጄ ከዳኝ ይላል። ሌላ ቃል የለውም።» ጋሽ ክላች ቅባታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ስንቱን የተፋጨ አላቅቄያለሁ። ሰውን ከገዛ እጁ ግን እንዴት አድርጌ ላስታርቀው?»

ሲሄዱ አንካሳ እግራቸውን አየች። በዚያ እግር ከተማ ተሻግረው የመጡት ለቅባት እንዳልሆነ ገባት። ምን ያህል እንዳወቁ ግን አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸውም አልነገሯትም።

ማታውን ስልኳን አንስታ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። «እጅህ አልከዳህም» ብላ ጻፈች። እሱንም አጠፋችው። ከግድግዳው ወዲያ አባቷ ሲያስሉ ይሰማታል። ሁለቱም እንዳልተኙ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን ማን ማንን ያንኳኳል? በዚያ ቤት በር የሚንኳኳው ምክንያት ሲኖር ነው።

*

ምትኩ ኮምፒውተር የመጣው ከተጋጨ ተመሳሳይ መኪና ተፈትቶ ነበር። ዓይነቱ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፤ ቢሆንም ሰክቶ ማስነሳት አይቻልም። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የሚያውቀው የራሱን መኪና ቁልፍ ብቻ ነው፤ ባዕድ ቁልፍ ሲገባ ሌባ ነው ብሎ ሞተሩን ይዘጋል። ፊውዝ ከተቃጠለው ሰሌዳ ላይ የማስታወሻዋን ቺፕ በሙቀት አላቀቀ፤ በውስጧ ያለውን አንብቦ ወደ ምትኩ ገለበጠው። ሰውነቱ ተቃጥሎ ትዝታው ተርፎ ነበር።

ዳኛው ከልጃቸው ጋር መጥተው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያለ ምስክር አይሠራም ብለው ነው።

ፊውዝ ሁሉን ገጠመ። ብሎኑን አጠበቀ። ተመለሰ፤ ነካው። ዞር ብሎ ደግሞ ነካው። ከዚያ እንደ ጥፋተኛ አንገቱን ሰብሮ፣ «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይዩልኝ» አለ። ያ ኩሩ ሰው፣ «ቶሎ በል» ሲባል ሻይ ቤት የሚሄደው ሰው፣ አንድ ብሎን በሌላ ሰው እጅ ይታይልኝ አለ! ሠራተኞቹ ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ጠብቋል» አሉ ጋሽ ክላች፤ ድምፃቸው ሻከረ።

«ቁልፉን ያስገቡ» አላት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺ ማለት ትቷል።

ገባች። ጉልበቷ መሪው ሥር ተጣጠፈ። ቁልፉን ስታስገባ ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ የቁልፍ ሥዕል ያላት ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ጠፋች። መኪናው ቁልፉን አወቀው። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ፤ እንደ ጥንቱ፣ እናቷ እንደምታስነሳው።

ዳኛው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ፊውዝ የቱታውን ቁልፎች እየፈታ ነበር። አውልቆ አጠፈው። እጥፉን በመዳፉ ዳበሰው።

ሞተሩን አጠፋችው። ወረደች።

«ብሎኑን ያላላሁት እኔ ነኝ» አለች።

ፊውዝ ያጠፈውን ቱታ እንደያዘ ቀና አለ።

«ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ። እሱ አጥብቆታል። ሁልጊዜ አጥብቆታል። ቆይቼ እኔ አላላዋለሁ።»

ዳኛው ፈገግ አሉ፤ የማይመች ፈገግታ። «ልጄ ደግ ናት። ሰውየውን ለማዳን ነው። የማይሆን ቃል መዝገብ አይገባም። ማስረጃ አለ?»

ማስረጃ! በእሱ ላይ ሲፈርዱ ያልጠየቁትን አሁን ጠየቁ።

ከመኪናው ኋላ የእናቷን መፍቻ አወጣች። ኮፈኑ ፊት ቆመች፤ አላጎነበሰችም፤ አላየችም። ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ እጇን ከባትሪው ሥር ሰደደች። እጇ አልዳበሰም፣ አላመነታም፤ ሌሊት ወደ ገዛ በሩ እንደሚሄድ ሰው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጭቅ አለ። ብሎኑ ላላ።

«እኔ እንኳ» አሉ ጋሽ ክላች ለራሳቸው፣ «እዚያ ብሎን ጋ ለመድረስ ግማሽ ቀን እሳደባለሁ።»

ዳኛው መፍቻውን አወቁት። እጀታው ላይ ሚስታቸው የጠመጠመችው ቀይ ቴፕ አለ። የልጃቸውን እጅ ከመፍቻው ጋር አዩና ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ።

«አባትሽን ቁልቁለት ላይ ልታስጨርሺ» አሉ ዝቅ ብለው። «አንቺም አብረሽ ልታልቂ። ለአንድ...»



«ለአንድ ምን?» አለ ፊውዝ። በዚያ ሁሉ ቀን መጀመሪያ የተቆጣው አሁን ነበር። «ይጨርሱት እንጂ፣ ጋሼ! ለአንድ ምን?»

ዳኛው መሬቱን አዩት፤ ከዘራቸው የቀዳደደውን አሸዋ።

«ለአንድ ሰው» አሉ።

የሚቻላቸው ይህን ያህል ነበር። ከዚያ ቤት ለወጣ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ሁሉም ፊውዝን አየው። እንዲህ ባለ ጊዜ ወንድየው ሮጦ ያቅፋታል ብላችሁ የምትጠብቁ ትኖራላችሁ። እሱ አላቀፋትም። መፍቻውን ከእጇ ወሰደና ብሎኑን መልሶ አጠበቀው። ተመለሰና ነካው። መመለሱን ራሱ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ።

«አየሽው?» አላት። «እውነቱን ሰምቼ እንኳ እመለሳለሁ። ቤቴን ቆልፌ እወጣና ከመንገድ እመለሳለሁ፤ ቆልፌያለሁ ወይ እያልኩ። ሻይ ላይ ስኳር እጨምርና አልጨመርኩም ብዬ እደግማለሁ። እኔ ዘመድ የለኝም። ርስት የለኝም። ያለኝ ይሄ እጅ ነበር፤ እሱን ነው የወሰድሽብኝ።»

«አላወቅኩም» አለች። «የምትመለሰው... ለእኔ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ናፍቀኸኝ ነው ብለሽ!»

«እዚህ? በጋራዡ ሰው ሁሉ ፊት?»

«በጋራዡ ሰው ሁሉ ፊት ጥፋተኛ አላደረግሽኝም?»

እንባዋ መጣ፤ እሱም አየው፤ እጁ ወደ እሷ ሊሄድ ተንቀሳቅሶ መንገድ ላይ ቆመ። እጁን አሁንም አያምነውምና።

«ቱታዬን እለብሳለሁ» አለ በመጨረሻ። «ሙያዬን መልሰሽልኛል፤ ለዚህ እግዜር ይስጥልኝ። እጄን ግን አንቺ ልትመልሺልኝ አትችይም። እሱ ቀስ ብሎ ራሱ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ተይኝ።»

መኪናው ውስጥ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ዳኛው እጃቸውን ዘርግተው ከወንበሯ ሥር ያለውን ማንሻ ፈለጉ። «ግፊው ወደ ኋላ» አሉ። «ጉልበትሽ ተጣጥፏል።» ወንበሩ ተንሸራተተ። እግሯን ዘረጋች። የእናቷን ልክ ያጣ ወንበር ምን ያህል ሰፊ፣ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያን ጊዜ ሁለቱም አዩ።

*

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስትወጣ በእግሯ ትሄዳለች። መኪናው ደህና ነው፤ ቤት ቆሟል። ከጋራዡ ትይዩ ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ ከሱቁ ፊት በተደረደሩት ባዶ በርሜሎች አጠገብ ትቆማለች። አትሻገርም። ተይኝ ብሏታል፤ ትታዋለች። መተው ማለት ግን አለማየት ነው ያለ የለም።

ፊውዝ ያያታል። ሰላም አይላትም፤ ጀርባውንም አይሰጣትም።

ሠራተኞቹ መጀመሪያ ይቀልዱ ነበር። «ፊውዝ፣ ቀለም ሱቁ አዲስ ዘበኛ ቀጠረ እንዴ?» ሲሉት መፍቻ ይወረውርባቸዋል። ይህን ስታይ ደስ አላት፤ መቃጠል ጀምሯል ማለት ነው። ቆይተው ቀልዱን ተዉት። ዝናብ ሲመጣ ባለ ቀለሙ ሳይጠይቃት ከጣሪያው ሥር ቦታ ይለቅላት ጀመር።

እሷ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፊውዝ ሲያጠብቅ። ሲሄድ። ሲመለስ። ሲነካ። አንዳንድ ቀን ደጋግሞ ይመለሳል፤ ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ መንገዱ አያልቅላትም፤ የምታልፍባቸው መስኮቶች ሁሉ በርተው ሰዎች ከውስጥ ሲያወሩ ይሰማታል፤ የእሷን ድምፅ የሚጠብቅ መስኮት የለም። አንዳንድ ቀን አንዴ ብቻ ይመለሳል። ያን ቀን ለአባቷ ራት ስታቀርብ ታንጎራጉራለች። አባቷ ምክንያቱን አይጠይቋትም። በዚያ ቤት አለመጠየቅ አዲስ ነገር ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ፊውዝ አንድ ነጭ መኪና እየሠራ ነበር። እጁን ከባትሪው ሥር ሰደደ። ትከሻው ሲጠብቅ አየች፤ ሲላላም አየች። እጁን አወጣ። ኮፈኑን ዘጋ።

ዘጋው።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ቁልፉን ለባለ መኪናው ሰጠ። መኪናው ወጥቶ ሄደ፤ ፊውዝ አልተከተለውም። ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ እጁን አየው፤ ገለበጠውና አየው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ማዶ አየ።

አልጠራትም። እሷም እስክትጠራ አልጠበቀችም። ክላክስ ነፉባት፤ አንድ ሹፌር ሰደባት፤ ተሻገረች። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ጋሽ ክላች የቢሯቸውን በር ከፍተው ወጡ።

«ሰላም ዋላችሁ» አለች።

«መኪናሽ ምን ሆነ?» አላት ፊውዝ።

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

ሁሉም ያያታል። ቀይ፣ ጠይም፣ በዘይት የጠቆረ ፊት ሁሉ ያያታል። ዕድሜ ልኳን በየክፍሉ ተዘግቶበት የኖረው ቃል ከደረቷ ተነስቶ መውጫውን ሲፈልግ ተሰማት። ምክንያት አልነበረውም። ማስረጃ አልነበረውም።

«ናፍቀኸኝ» አለች።